የደራሲ ስም፣ የርዕሰ ጉዳይ ስያሜና የጋራ ካታሎግ፦ ባሕር ዳር ያለን ቤተ መጻሕፍት በምን እንስማማ?

መደርደሪያ (ውይይቱን የከፈተው)

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ ባሕር ዳር በሚገኝ አንድ አነስተኛ ቤተ መጻሕፍት በካታሎግ ሥራ ላይ ነኝ። እኛና በከተማው ያሉ ሁለት ሌሎች ቤተ መጻሕፍት ካታሎጎቻችንን ኮሃ በተባለ አንድ የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር ላይ ለማዋሐድ ተስማምተናል። ለሙከራ ከየቤቱ ጥቂት መዝገብ አውጥተን ስንደባልቅ ግን ችግሩ ከሶፍትዌሩ ይልቅ እኛው ዘንድ እንዳለ ታየን።

የሀዲስ ዓለማየሁን ስም ብቻ ብንወስድ፣ አንዱ ቤት «ሀዲስ ዓለማየሁ»፣ ሁለተኛው «ሐዲስ አለማየሁ»፣ ሦስተኛው የአባትን ስም አስቀድሞ በነጠላ ሰረዝ «ዓለማየሁ፣ ሀዲስ» ብሎ መዝግቧል፤ ከአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የተቀዱት መዝገቦች ደግሞ ስሙን በላቲን ፊደል፣ ከላይና ከታች ነጥብና ሰረዝ እየጨመሩ ያስቀምጡታል። አንዱ ደራሲ አራት ሰው ሆኖ ቀረ። የከተማችን ስም እንኳ «ባሕር ዳር»፣ «ባህር ዳር» እና «ባህርዳር» ተብሎ በሦስት መልክ ገብቷል፤ ሐይቁም በአንዳንዶቹ የቆዩ መዝገቦች «ጻና»፣ በአዲሶቹ «ጣና» ነው።

የርዕሰ ጉዳዩ ነገር ይብሳል። ስለ እምቦጭ የተጻፉ የመመረቂያ ጽሑፎች በሦስቱም ቤቶች አሉ፤ ነገር ግን አንዱ «እምቦጭ» ይላል፣ ሌላው በእንግሊዝኛ «ዋተር ሃያሲንት»፣ ሌላው በሳይንሳዊ ስሙ ይጠራዋል፣ አንዳንዱም «መጤ አረም» ብሎ አልፎታል። ስለ ሐይቁ የሚያጠና ሰው አንዱን ቃል ጽፎ ሁለት ሦስት ጽሑፍ ካገኘ፣ ያለው ይኸው ነው ብሎ ይሄዳል።

እኔ የማስበው፣ የግዕዝ ፊደሉን ዋና መግቢያ አድርገን፣ ለሰው ስም፣ ለቦታ ስምና ለርዕሰ ጉዳይ አንድ የጋራ ኦቶሪቲ ፋይል (የተስማማንባቸው ስያሜዎች ከነመጠቆሚያቸው የሚያዙበት መዝገብ) ብንይዝና የላቲኑንም ሆነ የእንግሊዝኛውን በመጠቆሚያነት ብናስገባ ይሻላል የሚል ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ግን፣ ዓለም የሚሠራበትን ትተን የራሳችንን ብንፈጥር ነገ ከማንም ጋር መዝገብ መለዋወጥ አንችልም ትላለች። በዚህ ጉዳይ የሠራችሁበት ሐሳባችሁን ብታካፍሉን።

ቅጂ ካታሎግ

ውድ መደርደሪያ፣ የባልደረባዎ ስጋት በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ናይሮቢ ላይ ቢሮ አለው፤ በኢትዮጵያ የሚታተሙ መጻሕፍትንም የሚሰበስበው በዚሁ ቢሮ በኩል ነው። በመደርደሪያችን ካሉት የአማርኛ መጻሕፍት ጥቂት የማይባሉት እዚያ ተመዝግበው፣ መዝገባቸውም በነጻ የሚቀዳ ሆኖ ይገኛል። ይህን ትቶ እያንዳንዱን መጽሐፍ ከባዶ መመዝገብ ባለን የሰው ኃይል የሚሞከር አይደለም።

ነገር ግን በስሙ ጉዳይ ደረጃውን ያለ ኃጢአቱ እንዳንወቅሰው። የአባትን ስም ማስቀደም የደረጃው ትእዛዝ አይደለም። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. ከማርች 31 ቀን 2013 ጀምሮ የሚሠራበት አር.ዲ.ኤ. የተባለው የካታሎግ ደንብም ሆነ ከእርሱ በፊት የነበረው፣ ሰው በአገሩ ልማድ በሚጠራበት ቅደም ተከተል እንዲመዘገብ ያዝዛሉ። ኢትዮጵያዊ ደራሲ በራሱ ስም ይገባል፣ የአባቱ ስም ይከተላል፤ ነጠላ ሰረዝ የለበትም። ማርክ በተባለው፣ ማሽን በሚያነበው የመዝገብ ቅርጸት፣ ይህ የሚታወቀው የደራሲው ስም በሚገባበት በመስክ 100 የመጀመሪያ አመልካች ነው፤ በራስ ስም ለሚጀምር 0፣ በቤተሰብ ስም ለሚጀምር 1 ይሞላል። ብዙ ቦታ ያየሁት የግቤት ቅጽ ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ ናሙና የተቀዳ ስለሆነ 1 አስቀድሞ ተሞልቶ ይጠብቃል፤ መዝጋቢውም 1 ካየ ዘንድ ስሙን ገልብጦ ሰረዝ ያደርግበታል።

ጉዳቱ በሁለት ቃል በሚጻፉት ስሞች ላይ ጎልቶ ይታያል። ኅሩይ ወልደ ሥላሴን ለዚህ አሠራር ብንሰጠው የመጨረሻውን ቃል የቤተሰብ ስም አድርጎ «ሥላሴ፣ ኅሩይ ወልደ» የሚባል፣ በአገራችን ማንም የማያውቀው ሰው ይፈጥርልናል። «ብላቴን ጌታ» የሚለውም ማዕረግ ከስሙ ፊት መግባት የለበትም፤ የራሱ ንዑስ መስክ አለው፣ እርሱም «ሲ» ነው። አለበለዚያ ፊታውራሪው ሁሉ በ«ፊ»፣ አለቃው ሁሉ በ«አ»፣ ዶክተሩ ሁሉ በ«ዶ» ሥር ተሰልፎ ይገኛል።

ስለዚህ የእኔ ምክር፣ በግዕዝ ፊደል ጻፉ፣ ነገር ግን በማርክና በአር.ዲ.ኤ. ውስጥ ሆናችሁ ጻፉ ነው። ሁለቱ አይጋጩም።

ኮሃ ጥገና

ቅጂ ካታሎግ በመጨረሻ ባሉት እስማማለሁ፤ የላቲኑ ፊደል ለምን እንደመጣ ማወቁም ይጠቅማል። ማርክ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲቀረጽ ለማሽን የተዘጋጀው የፊደል ስብስብ ላቲንን ይዞ ተነሣ፣ ኋላም ዐረብኛ፣ ዕብራይስጥ፣ ግሪክ፣ ሲሪሊክና የሩቅ ምሥራቅ ፊደላት ተጨመሩ እንጂ የእኛ ፊደል አልነበረበትም። ግዕዝ ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛ ዕትም ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ መጽሐፍ በማርክ ለመመዝገብ በላቲን ፊደል ከመጻፍ በስተቀር አማራጭ አልነበረም። አሁን ያለው ኮሃ ዩኒኮድ ስለሚቀበል ምክንያቱ ቀርቷል፤ ልማዱ ግን አለ።

ማርክ ራሱ ሁለት መንገድ ይፈቅዳል። በመጀመሪያው ዋናው መስክ በላቲን ይጻፍና የግዕዙ ቅጂ በመስክ 880 ውስጥ ተቀምጦ ይያያዛል፤ በሁለተኛው የግዕዙ ጽሑፍ በቀጥታ በዋናው መስክ ይገባል፣ 880 አያስፈልግም። መደርደሪያ ያቀረቡት ሐሳብ ሁለተኛው ነው፤ ሕጋዊ ነው፣ ማንንም አያስጠይቅም። ከኮንግረስ የቀዳችሁትን የላቲን ርዕስ አትጣሉት፤ በመስክ 246 እንደ ተለዋጭ ርዕስ አስቀምጡት፣ በውጭ አገር ያለ ፈላጊ በዚያ ያገኘዋል።

ስለ «ሀ፣ ሐ፣ ኀ»፣ «ሰ፣ ሠ»፣ «አ፣ ዐ» እና «ጸ፣ ፀ» የምለው አንድ ነገር ነው፦ መዝገቡን አታርሙ፣ ማውጫውን አስተካክሉ። በመጽሐፉ የውስጥ ሽፋን «ሐዲስ» ካለ «ሐዲስ» ብላችሁ ቅዱ። ኮሃ በሚፈልግበት ማውጫ ውስጥ ግን፣ ከፍለጋ ሞተሮቹ ዜብራንም ሆነ ኢላስቲክሰርችን ብትጠቀሙ፣ «ሐ»ንና «ኀ»ን ወደ «ሀ»፣ «ሠ»ን ወደ «ሰ» የሚመልስ ደንብ ማስገባት ይቻላል። «ሀ» እና «ሃ»፣ «አ» እና «ኣ» አንድ ድምፅ ስለሆኑ በሰባቱም ሆሄያት ጥንድ ጥንዱን መጻፍ ያሰለቻል እንጂ ከባድ አይደለም። ከዚህ ጋር አሮጌዎቹ መጻሕፍት በቃል መካከል የሚያደርጉትን ሁለት ነጥብ ወደ ባዶ ቦታ መመለስ አትርሱ።

የጥናት ተማሪ

አስተያየቶቹን በጥሞና አነበብሁ፤ አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ፍለጋው ፊደል እንዳይለያየው ሆኖ ከተስተካከለ፣ የጽሑፉም ሙሉ ይዘት በዲጂታል ካለ፣ የርዕሰ ጉዳይ ስያሜ የሚባለውን ማዘጋጀት ምን ይጠቅማል? እኔ ስለ ጣና ዓሣ ሀብት ሳጠና የካታሎግ ርዕሰ ጉዳይ አንድም ቀን አልተጠቀምሁም፤ ቃሉን ጽፌ ፈለግሁ፣ አገኘሁ። ጊዜያችሁን ለሌላ ሥራ ብታውሉት የሚል አስተያየት አለኝ፤ በድፍረት እንዳይቆጠርብኝ።

በዚያ ላይ የስሙ ጉዳይ በካታሎግ ብቻ አያልቅም። የመመረቂያ ጽሑፍ ዲስፔስ በተባለው የዲጂታል ማከማቻ ሶፍትዌር ላይ ሲጫን ቅጹ የቤተሰብ ስምና የመጀመሪያ ስም ብሎ በሁለት ሳጥን ይጠይቃል። ተማሪው የአባቱን ስም በመጀመሪያው ሳጥን ይሞላል፤ ካልሞላ ቅጹ አያሳልፈውም። በእንግሊዝኛ መጽሔትም የምንጠቀሰው በአባታችን ስም ነው። ታዲያ ካታሎጉ ብቻውን ቢቀና ምን ሊፈይድ?

አሮጌ ካርድ

ልጄ፣ ጥያቄህ ድፍረት የለበትም፤ እንዲያውም መጠየቅ ያለበት እርሱ ነው። እኔ በካርድ ካታሎግ ዘመን ጀምሬ በኮምፒዩተር ዘመን ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝና የማየውን ልንገርህ።

ቃል ጽፎ መፈለግ በእንግሊዝኛ በደንብ የሚሠራው ቃሉ ብቻውን ስለሚቆም ነው። በእኛ ቋንቋ ቃል ብቻውን የሚቆምበት ጊዜ ጥቂት ነው። «ጣና» ብለህ ብትፈልግ «የጣና»፣ «በጣና»፣ «ከጣና»፣ «ለጣና»፣ «ስለጣና» የሚሉት አይመጡልህም፤ ሶፍትዌሩ የቃሉን መጨረሻ ክፍት አድርጎ መፈለግ ይችላል፣ የቃሉን መጀመሪያ ክፍት ማድረግ ግን ብዙ ጊዜ አይፈቀድም፣ ቢፈቀድም ማሽኑን ያደክማል። የመጽሐፎቻችንን ርዕስ ተመልከት፤ ስንቱ ነው በ«የ» የሚጀምረው? ባለሙያዎቹ የመነሻውን ፊደል እንቁረጠው ቢሉ «የካቲት» እና «የብስ» ይቆረጣሉ፤ «በ»ን እንቁረጥ ቢሉ «በግ» እና «በረሃ» ይበላሻሉ።

የብዙ ቁጥሩ ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። መጽሐፍ፣ መጻሕፍትና መጽሐፎች፤ ቤተ ክርስቲያንና አብያተ ክርስቲያናት፤ ገዳም፣ ገዳማትና ገዳሞች። «አብያተ» ከ«ቤት» እንደመጣ የሚያውቀው አንባቢው እንጂ ማሽኑ አይደለም። ስለዚህ ሰው ቁጭ ብሎ መጽሐፉን አይቶ «ይህ ስለ ጣና ሐይቅ ገዳማት ነው» ብሎ በአንድ በተስማማንበት ስያሜ ካላስቀመጠው፣ ፈላጊው ያገኘውን እንጂ የቀረበትን አያውቅም። አንተም ስለ ዓሣው ያገኘኸው በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ይመስለኛል፤ በአማርኛ የተጻፈው ምን ያህል እንዳመለጠህ በምን ታውቃለህ? የርዕሰ ጉዳይ ስያሜ ከእንግሊዝኛ ይልቅ ለአማርኛ ያስፈልጋል የምለው ለዚህ ነው።

አዲስ ነገርም አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1920 ዓ.ም. በግዕዝና በአማርኛ የተጻፉ መጻሕፍትን ዝርዝር ያሳተሙት ፈላጊው ያለውን ሁሉ በአንድ ቦታ እንዲያይ ነው።

ለመደርደሪያ አንድ ሐሳብ ልጨምር። ርዕሱ በሚገባበት በመስክ 245 ሁለተኛው አመልካች ስንት ፊደል ዘሎ ይደርድር የሚለውን ይነግራል፤ እንግሊዞቹ መነሻ መስተአምራቸውን («ዘ»፣ «ኤ» የሚሉትን) የሚዘሉት በእርሱ ነው። በ«የ» ለሚጀምሩት ርዕሶች ሁሉ 1 ብትሞሉበት «የኢትዮጵያ ታሪክ» በ«ኢ» ሥር ይደረደራል።

ቅጂ ካታሎግ

ጋሼ፣ ስለ ርዕሰ ጉዳዩ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው፤ ሁለተኛውን አመልካች ግን እንዳይነኩት እለምናለሁ። ደንቡ መዝለል የሚፈቅደው መስተአምርን ብቻ ነው፤ «የ» መስተአምር አይደለም፣ የርዕሱ አካል ነው። እኛ 1 ሞልተን መዝገቡን ለሌላ ቤት ብንሰጥ እዚያ ያለው ሥርዓት በሌሎቹ መዝገቦች «የ»ን እየቆጠረ በእኛ ብቻ ይዘልላል፤ አንድ ዓይነት ርዕስ በሁለት ቦታ ይደረደራል። አንባቢውም ርዕሱን የሚያስታውሰው ከ«የ» ጀምሮ ነው። በ«ኢትዮጵያ» እንዲገኝ ከፈለግን የሚያስገኘው የርዕሰ ጉዳይ ስያሜው ነው፤ ጋሼ ራስዎ ያሉት ነውና።

ለጥናት ተማሪ፦ የዲስፔሱ ቅጽ በቅንብር የሚለወጥ ነው፤ ሁለቱን ሳጥን አንድ ማድረግ ይቻላል። ደብሊን ኮር በተባለው የመረጃ መግለጫ (ሜታዳታ) ደረጃ አሥራ አምስት መሠረታዊ ክፍሎች ውስጥ የቤተሰብ ስም የሚባል ክፍል የለም፤ የጽሑፉ ባለቤት የሚገባበት አንድ ክፍል ብቻ ነው ያለው። በእንግሊዝኛ መጽሔት በአባት ስም መጠቀስም በኦቶሪቲ መዝገቡ ይፈታል፦ ዋናው ስያሜ በመስክ 100 እንደ አገሩ ልማድ ይቆማል፣ የተገለበጠውና የላቲኑ እያንዳንዱ በመስክ 400 ይገባል። ኮሃ ላይ እነዚህን መጠቆሚያዎች በፍለጋ ውስጥ እንዲያካትት የሚያዝዝ የሥርዓት ምርጫ አለ፤ እርሱን አብርቶ ማውጫውን እንደገና መገንባት ነው። ከዚያ ወዲያ ፈላጊው በየትኛውም መልክ ቢጽፍ ወደ አንድ ሰው ይደርሳል።

በስምና በአባት ስም የሚመሳሰሉ ደራሲዎች ሲያጋጥሙ ፈረንጆቹ የልደት ዓመት ይጨምራሉ። በእኛ አገር የልደት ዓመት ፈልጎ ማግኘት ችግር ነው፤ የአያት ስም ግን ብዙውን ጊዜ መጽሐፉ ላይ አለ። መለያው የአያት ስም ቢሆን እመርጣለሁ።

የብራና ተመልካች

እኔ የምጽፈው በብራና ጉዳይ ነው። ካታሎግን ለማጣመር ጣና ራሱ ትልቅ ምሳሌ ይሆናል። ጀርመናዊው ኤርንስት ሐመርሽሚት እ.ኤ.አ. በ1968 የደሴቶቹን ብራናዎች በማይክሮፊልም አንሥቶ፣ የክብራን ገብርኤልን ዝርዝር በ1973፣ የደብረ ማርያምንና የሬማን በ1977 አሳተመ፤ ቬሮኒካ ሲክስ በ1999 ሦስተኛውን ክፍል ጨመረች። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና ማይክሮፊልም ሥራ ቅጂ በአሜሪካ ሚኒሶታ ይገኛል፤ ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን የሰጡበት ካታሎግ የእርሱ ነው። እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር አለው። ገዳሙ ደግሞ የራሱ አጠራር አለው፤ የዕቃ ቤቱ ኃላፊ መጽሐፉን በጀርመኑ ቁጥር አያውቀውም።

የሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2016 የጀመረው ፕሮጀክት ለዚህ የሰጠው መፍትሔ ልትቀዱት የሚገባ ይመስለኛል። ለድርሰቱ አንድ መለያ ቁጥር፣ ለብራናው ሌላ መለያ ቁጥር ይሰጣል። ተአምረ ማርያም በመቶ ብራና ቢገኝ ድርሰቱ አንድ ነው፤ ብራናዎቹ መቶ ናቸው። የድርሰቱ ስም በየካታሎጉ በላቲን፣ በግዕዝ፣ በእንግሊዝኛ ቢለያይም ቁጥሩ ያገናኛቸዋል። እናንተም ስለ ብራና የተጻፉ መጻሕፍትን ስትመዘግቡ ያንን ቁጥር በኦቶሪቲ መዝገባችሁ ብትይዙ ለወደፊቱ ትልቅ ነገር ነው።

ኮሃ ጥገና ስለ ፊደል ያሉትን በአንድ ነገር እገድበዋለሁ። በአማርኛ «ሰ» እና «ሠ» ቢቀላቀሉ ጉዳቱ ጥቂት ነው፤ በግዕዝ ግን «ሰአለ» ለመነ፣ «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ ማለት ነው። ማርክ ለአማርኛና ለግዕዝ የተለያየ የቋንቋ ኮድ አለው፤ ቢያንስ ኮዱን በትክክል ሙሉ፣ ነገ የሚለይ ሰው ሲመጣ መነሻ ይሆነዋል።

አንድ ማሳሰቢያም አለኝ። የጋራ ሜታዳታ ማለት ሁሉን ነገር መግለጥ ማለት አይደለም። የመጽሐፉን ይዘት፣ መጠንና ዘመን አካፍሉ፤ በየትኛው ዕቃ ቤት፣ በየትኛው ሣጥን እንደተቀመጠ ግን በይፋ ካታሎግ ላይ አይውጣ። የብራና ስርቆት ያለበት አገር ነው።

የሐይቅ ዳር

መምህር፣ ስለ ብራናው ያሉት ለእኔ በተለየ ይሰማኛል። ሴት ስለሆንሁ ክብራንም ዳጋም አልገባም፤ የእነዚያን ገዳማት መጻሕፍት የማውቃቸው በካታሎግ ብቻ ነው። ካታሎግ የሚሠራ ሰው ይህንም ቢያስበው።

ዋናው ሐሳቤ ግን ሌላ ነው። እስካሁን ስለ ሰው ስምና ስለ ፊደል ተነጋገርን፤ ስለ ሕዝብ ስም አልተነሣም። በሐይቁ ዳር የሚኖረውን፣ የደንገል ታንኳ በመሥራት የሚታወቀውን ማኅበረሰብ የቆዩ ጽሑፎች «ወይጦ» ብቻ ይሉታል፤ በቅርብ ጊዜ የወጡ ጥናቶች «ነገደ ወይጦ» ይላሉ። የቆየው አጠራር በአካባቢው አፍ ከንቀት ጋር ተያይዞ የኖረ መሆኑን የባሕር ዳር ሰው ያውቀዋል። ከውጭ የተቀዳ መዝገብ ይዞት የመጣውን ስያሜ ሳንመረምር ብናስገባ፣ የማኅበረሰቡ ልጅ ስለ ወገኑ የተጻፈውን ለማግኘት የሚያስቀይመውን ቃል መጻፍ ይኖርበታል ማለት ነው። ዋናውን ስያሜ ከእነርሱ ጠይቀን እንምረጥ፤ አሮጌው በመጠቆሚያነት ብቻ ይቅር፣ የድሮውን መጽሐፍ በድሮው ስም የሚፈልግ ሰው እንዳይቸገር።

ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ራሱ ያለ ፈቃድ የገቡ ስደተኞችን «ሕገ ወጥ» እያለ ይጠራበት የነበረውን ስያሜ፣ ተማሪዎችና የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ለዓመታት ሲቃወሙት ቆይተው እ.ኤ.አ. በ2021 ለመለወጥ ወስኗል። ስያሜ ይለወጣል፤ ኦቶሪቲ ፋይል የያዘ ቤት በአንድ ቦታ ለውጦ ሁሉንም መዝገብ ያስተካክላል፣ ያልያዘ ቤት መዝገብ በመዝገብ ሲያርም ይከርማል።

መደርደሪያ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሐይቅ ዳር ያነሡት እኛ ጨርሶ ያላሰብነው ነውና ስያሜውን ከማኅበረሰቡ ተወካዮች ጋር ተነጋግረን እስክንወስን ድረስ በይደር እናቆየዋለን።

በእምቦጭ ላይ የደረስንበትን ላስነብባችሁ። በኦቶሪቲ መዝገቡ መስክ 150 «እምቦጭ» ተብሎ ይቆማል። በመስክ 450 የእንግሊዝኛው ስም፣ የእርሱ የአማርኛ አጻጻፍና ሁለቱ ሳይንሳዊ ስሞች ይገባሉ፤ ሁለት የሆኑት ዕፅዋቱ «አይኮርኒያ» ከሚባለው ወገን ወጥቶ «ፖንቴዴሪያ» ወደሚባለው ስለተዛወረ ነው፣ የቀድሞዎቹ ጥናቶች በመጀመሪያው ስም፣ አዲሶቹ በሁለተኛው ይጠሩታልና። በመስክ 550 «መጤ አረም» ሰፊው ርዕስ ሆኖ ይያያዛል። በመስክ 750 የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አቻ ስያሜ ይገባል፤ የባልደረባዬን ስጋት የመለሰላት ይህ መስክ ነው፣ የእኛ «እምቦጭ» ከእነርሱ ስያሜ ጋር ታስሮ ስለሚሄድ።

ለሐይቁም እንዲሁ አደረግን። የእነርሱ ስያሜ «ጣና»ን አስቀድሞ «ሐይቅ» የሚለውን ከነጠላ ሰረዝ በኋላ ያመጣል፤ በእንግሊዝኛ ሐይቅ የሚለው ቃል ስለሚቀድም ገልብጠውት ነው። በአማርኛ «ጣና» በተፈጥሮው ስለሚቀድም «ጣና ሐይቅ» ብለን ያለ ሰረዝ ጻፍን፤ «ጻና» መጠቆሚያ ሆነ።

በዱዊ የመጻሕፍት ምድብ ቁጥር ብዙ አልተከራከርንም፤ ታሪኩ 963፣ የአማርኛ ሥነ ጽሑፉ 892.87 ላይ እንደነበረ ይቀጥላል።

የቀረን የዓመተ ምሕረት ጉዳይ ነው። አንዱ ቤት በመጽሐፉ ላይ ያለውን 2005 እንዳለ አስገብቷል፣ ሌላው ለውጦ 2013 ብሏል። ሲደባለቁ አንዱ ዕትም ሁለት ዕትም መሰለ።

ቅጂ ካታሎግ

የሕትመቱ መረጃ በሚገባበት በመስክ 264 መጽሐፉ ላይ ያለውን እንዳለ ጻፉና ከጎኑ በማዕዘን ቅንፍ የፈረንጁን ጨምሩ። ወሩ ከታወቀ ጉዳዩ ያልቃል፦ ጥቅምት 2005 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. 2012 ነው፤ ግንቦት 2005 ዓ.ም. የታተመ 2013 ነው። ወሩ ካልታወቀ «2012 ወይም 2013» ተብሎ ይገባል። ማሽኑ የሚያነበው መስክ 008 ግን ሁልጊዜ በፈረንጁ ይሁን፤ 2005ን እዚያ ብታስገቡ ለሌላ ስትሰጡት መጽሐፉ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያረጃል፣ በዓመት ሲደረደርም ከቦታው ይጠፋል። በመመረቂያ ጽሑፎች ላይ በተለይ ተጠንቀቁ፤ የአማርኛው ገጽ ሰኔ 2010፣ የእንግሊዝኛው ገጽ ጁን 2018 የሚል አንድ ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ አይቻለሁ።

የጥናት ተማሪ

ጋሼ አሮጌ ካርድ የነገሩኝን ሞከርሁት። በአንዱ ካታሎግ «ጣና» እና «የጣና» ብዬ ለየብቻ ፈለግሁ፤ የመጡት ዝርዝሮች ጥቂት ካልሆነ በስተቀር አይገናኙም። ስለ ርዕሰ ጉዳይ ያነሣሁትን ጥያቄ ትቼ ሌላ ልጠይቅ፦ ከአንባቢ ወገን አዲስ ስያሜ ማቅረብ ይቻላል?

መደርደሪያ

ይቻላል። ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው ሆነን በየወሩ እንገናኛለን፤ ስያሜ የሚጸድቀው ቢያንስ አንድ በእጃችን ያለ ጽሑፍ ሲኖረው ብቻ ነው። ጽሑፉን ጠቁሞ ሐሳብ ለሚልክ ሁሉ መልስ እንሰጣለን።

ኮሃ ጥገና

ከመዋሐዱ በፊት የመጨረሻ ምክር። የኦቶሪቲ ፋይሉን በኤክሴል አትለዋወጡት፤ አመልካቾቹና ንዑስ መስኮቹ ይጠፋሉ። በማርክ ኤክስ.ኤም.ኤል. አውጡት። ኤክሴል ያለው ቤት መዝገቡን ማርክኤዲት በተባለው የማርክ ማረሚያ ሶፍትዌር ቀይሮ ያምጣ። ድርብ መዝገብ ለመለየት አይ.ኤስ.ቢ.ኤን. (የመጽሐፉን ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር) ብቻ አትመኑ፤ በ99944 የሚጀምረው የኢትዮጵያ መለያ ያለው በአዳዲሶቹ መጻሕፍት ላይ ነው፣ ለአሮጌዎቹ ርዕስ፣ ደራሲና የታተመበት ዓመት አንድ ላይ ይነጻጸሩ፣ ለዚህም ዓመቱ አስቀድሞ መስተካከል አለበት። ከኮንግረስ በተቀዱት መዝገቦች ላይ በመስክ 010 ያለውን የኮንግረስ የመዝገብ ቁጥር እንዳትሰርዙ፤ የተሻሻለ መዝገብ ስትቀዱ አሮጌውን የሚያገኘው በእርሱ ነው፣ ከጠፋ አዲሱ ከአሮጌው ጎን ሌላ መጽሐፍ ሆኖ ይገባል።